ምስክርነት በትውልድ አይመዘንም

ስለ ኢትዮጵያ ያለፉ ዘመናት በሚደረግ ክርክር፣ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽም ሆነ በመጽሐፍ ምረቃ መድረክ፣ ከሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ ቀድሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ጸሐፊው የማን ወገን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም፤ የምንጩን ባለቤት ማንነት ሳያጣራ ሥራውን የሚጀምር የታሪክ ባለሙያ የለም። ነውሩ ያለው የምርመራ መነሻ መሆን የሚገባው ጥያቄ ፍርድ ሆኖ በማረፉ ላይ ነው። ምንጩ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ከሆነ «የገዥዎች ተረት» ተብሎ ይጣላል፤ ጸሐፊው አውሮፓዊ ከሆነ ከፊሉ አንባቢ «ከደሙ ንጹሕ ነው» ብሎ ይቀበለዋል፣ ከፊሉ ደግሞ «የቅኝ ገዥ ልሳን» ብሎ ይዘጋዋል፤ ከሌላ ብሔር የተወለደ ከሆነም መጽሐፉ ሳይገለጥ ይዘቱ እንደ ታወቀ ይቆጠራል።

ይህ ልማድ ዛሬ የበላይነቱን ይዟል፤ የምሁርነት ካባም ደርቧል። የታሪክ አጻጻፍ ሁሉ የጸሐፊውን ባህል ያንጸባርቃል፣ ስለዚህ የአንድን ትረካ ዋጋ ለማወቅ የተራኪውን ትውልድ ማወቅ ይበቃል ይላል። የአባባሉ የመጀመሪያ ክፍል ብዙ እውነት አለበት፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው የሚከተል አይደለም፤ እንዲያውም ሰውን በተወለደበት ማኅበረሰብ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቃሉን በዚያው መዝኖ መጨረስ፣ ልማዱ እቃወመዋለሁ የሚለው በሽታ ራሱ ነው።

ኢትኖሴንትሪዝም የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ፣ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዊልያም ግራሃም ሰምነር በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት በሰፊው የታወቀ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፣ አንድ ማኅበረሰብ የራሱን ወግና ልማድ የዓለም እንብርት አድርጎ በመውሰድ ሌላውን ሁሉ በዚያ የሚለካበትን ዝንባሌ ያመለክታል፤ በአማርኛ ራስ-ተኮርነት ቢባል ያስኬዳል። ዝንባሌው ከንቀት ጋር አንድ አይደለም። ንቀተኛ ሰው ንቀቱን ያውቀዋል፤ ራስ-ተኮር ሰው ግን በእጁ ያለው ነገር ሚዛን መሆኑን እንኳ ልብ አይልም፤ ነገሩን እንዳለ ያየ ይመስለዋል። በታሪክ አጻጻፍ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በስድብ ቃላት ውስጥ ብቻ የሚፈልግ አንባቢም ዋናውን ነገር ያልፈዋል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ትረካው ከየት እንደሚጀምር፣ ማን አድራጊ ማን ተደራጊ እንደሚሆን፣ የትኛውስ ጥያቄ ሊጠየቅ እንደሚገባ ገና ብዕር ሳይነሣ ስለሚወሰን ነው።

እንዲህ ካሉት ውሳኔዎች መካከል እንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ጊቦን የሰጠውን ያህል ዝና ያገኘ የለም። ጊቦን ስለ ሮማ መንግሥት አወዳደቅ በጻፈው ታላቅ ሥራ፣ በ1788 በወጣው ክፍል፣ ኢትዮጵያን ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ያንቀላፋች አገር አድርጎ ሣላት። አባባሉ ውብ ስለሆነ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲዞር ኖረ፤ ኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችም ሳይቀሩ ለብቸኝነታቸው ማስረጃ፣ አንዳንዴም ለጽናታቸው ማሞገሻ አድርገው ጠቀሱት። በዚያ የእንቅልፍ ዘመን የተደረገው ሲመረመር ግን የላስታ ነገሥታት በሮሃ አለት ፈልፍለው አብያተ ክርስቲያናት ሲያሳንጹ፣ መንበረ ማርቆስ ከግብፅ ጳጳስ ሲልክ፣ የሸዋና የአምሐራ ነገሥታት ከካይሮ ሱልጣኖች ጋር ደብዳቤና ስጦታ ሲለዋወጡ፣ መነኮሳትም ወደ ኢየሩሳሌም ሲመላለሱ ይገኛሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ቤተ መንግሥት ያገለገለው አል-ዑመሪ የይፋትን፣ የሐዲያን፣ የባሌንና የሌሎችን እስላማዊ ግዛቶች ሁኔታ ዘርዝሮ ጽፏል፤ መረጃውንም ከዘይላዊው ሼኽ ዐብደላህ አንደበት እንደ ሰማው ይናገራል። በተከታዩ ክፍለ ዘመን አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት ራሱን የቻለ ድርሳን አዘጋጀ። ወደ አውሮፓም ቢሆን የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ገብተዋል፤ በ1441 ደግሞ በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ፊት ቀርበዋል።

ስለዚህ «ዓለም የረሳት አገር» የተባለችው በካይሮ፣ በደማስቆ፣ በመካ፣ በዘይላና በኢየሩሳሌም የምትታወቅ አገር ነበረች። ጊቦን ዓለም ያለው በለንደንና በፓሪስ የተነበበውን ነበር፤ እዚያ ያልደረሰ ነገር ለእርሱ አልተደረገም። ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ ለኢትዮጵያ የተለየ ጥላቻ እንደ ነበረው የሚያሳይ ነገር የለም። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ለዚያ ምዕራፉ የተጠቀመበት የጀርመናዊው ሊቅ የኢዮብ ሉዶልፍ መጽሐፍ አብዛኛውን እውቀቱን ያገኘው ከኢትዮጵያዊው ካህን ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ሊቃውንት በ1652 በጎታ ከተማ ተቀምጠው ስለ አገሪቱ ቋንቋ፣ ሃይማኖትና ታሪክ ሲጠያየቁ ሰነበቱ፣ ሉዶልፍም የመምህሩን ስም ሳይደብቅ ጻፈ። የነቃ ኢትዮጵያዊ የሰጠው ምስክርነት ኢትዮጵያ ተኝታለች ለሚል ፍርድ ግብዓት ሆነ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለልማዱ ደጋፊዎች የሚመች ይመስላል፤ አውሮፓዊው ጸሐፊ አውሮፓን እንብርት አደረገ፣ ስለዚህም ተሳሳተ ብሎ መደምደም ይቻላል። ሁለተኛው ምሳሌ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ከ1899 እስከ 1903 በኤርትራ የቅኝ አስተዳደር ሹም ሆኖ የሠራ፣ በግእዝና በአካባቢው ቋንቋዎች እውቀት ግን በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሊቅ ነው። በ1928 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የአክሱምን ሥልጣኔ ከቀይ ባሕር ማዶ በፈለሱ የደቡብ ዓረብ ሰዎች ሥራ ላይ መሠረተው፤ ፊደሉ፣ የጥርብ ድንጋይ ሕንጻው፣ ቋንቋውና የመንግሥት ሥርዓቱ ከዚያ የመጡ፣ የአገሬው ነዋሪም ተቀባይ ብቻ ሆኖ ቀረበ። ለዚህ አስተያየት መነሻ የሚሆን ማስረጃ አልጠፋም፤ በየሐ የቆመው ቤተ መቅደስና በሳባ ፊደል የተቀረጹት ጽሑፎች የሁለቱ ዳርቻዎች ግንኙነት የጠበቀ እንደ ነበር ይመሰክራሉ፤ ይህን ለአገር ክብር ሲባል መካድ ሞኝነት ነው። ስሕተቱ የነበረው ከግንኙነት ወደ ፍልሰት፣ ከፍልሰትም ወደ ሠሪና ተቀባይ በተዘለለው ዝላይ ላይ ነው። ዝላዩን ቀላል ያደረገው ደግሞ በዘመኑ ጥቂቶች ብቻ የተጠራጠሩት እምነት ነበር፤ የሠለጠነ ነገር በአፍሪካ ምድር ሲገኝ ከውጭ ማን እንዳመጣው መጠየቅ እንጂ ማን እንደ ሠራው መጠየቅ እምብዛም አይታሰብም ነበር።

ያንን እምነት ያናጋው ማን ነው ቢባል መልሱ የትውልድ ሚዛንን ያሳፍራል። ከሰላ አጠገብ በማሐል ተግሊኖስ ቁፋሮ ያካሄደው ሮዶልፎ ፋቶቪች ጣሊያናዊ ነው፤ ከሳባውያን ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ በአካባቢው የተደራጀ ማኅበረሰብ፣ የንግድ ግንኙነትና የቆሙ የመቃብር ድንጋዮች እንደ ነበሩ ያሳየው የእርሱና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። አክሱምን በመጽሐፋቸው ርእስ ላይ ሳይቀር የአፍሪካ ሥልጣኔ ብለው የሰየሙት ስቱዋርት መንሮ-ሄይና ዴቪድ ፊሊፕሰን እንግሊዛውያን ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንትም ግእዝ የሳባ ቋንቋ ልጅ አለመሆኑን፣ ሁለቱ ከአንድ ሩቅ ግንድ የወጡ ዘመዳሞች መሆናቸውን አረጋግጠዋል፤ አናባቢን በፊደሉ ቅርጽ ላይ የማመልከት ብልሃትም በ4ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም ታየ እንጂ በደቡብ ዓረብ አልነበረም። የጸሐፊውን ፓስፖርት አይቶ የሚፈርድ ሰው ኮንቲ ሮሲኒንና ፋቶቪችን በአንድ ከረጢት ውስጥ መክተት ይኖርበታል።

ከኢትዮጵያ ርቆ በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኘው የታላቁ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ይህንኑ ነገር ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ጀርመናዊው ካርል ማውክ በ1871 ግንቦቹን ባየ ጊዜ ከበሩ መቃን የፈለጣትን እንጨት ከእርሳሱ እንጨት ጋር አስተያየና የሊባኖስ ዝግባ ናት ብሎ ደመደመ፤ ከሊባኖስ የመጣ እንጨት ካለ ሰሎሞን አለ፣ ሰሎሞን ካለ የሳባ ንግሥት ትኖራለች በሚል ስሌት ሕንጻውን ለእርሷ ሰጣት። ከ1902 እስከ 1904 የፍርስራሹ ጠባቂ የነበረው ሪቻርድ ሆል ደግሞ የጥንቱን ባዕድ ሥራ ለማግኘት ሲል ከላይ ያለውን «የአገሬው ቆሻሻ» አስጠርጎ ጣለ፤ የግንቡ ባለቤቶች ማን እንደ ነበሩ የሚናገረው አፈር ያ የተጣለው ነበር። እዚህ ላይ ራስ-ተኮርነት ማስረጃን አጣምሞ በመተርጎም አልተወሰነም፤ ማስረጃውን በአካፋ ዝቆ ደፋው። ሕንጻውን የአካባቢው አፍሪካውያን እንደ ሠሩት በ1906 የጻፈው ዴቪድ ራንዳል-ማካይቨርና በ1929 ቆፍራ ያጸናችው ገርትሩድ ኬተን-ቶምፕሰን ግን የሆል የአገር ልጆች፣ በዚያው ግዛት ዘመን የተማሩ፣ በዚያው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የተላኩ ነበሩ። የሮዴሽያ ነጮች መንግሥት እውነቱን ለመቀበል እስከ ፍጻሜው ድረስ አሻፈረኝ ቢልም፣ ባለሙያዎቹ የደረሱበትን መደምደሚያ ዘራቸው አልወሰነላቸውም፤ የተጠቀሙት የአፈሩን ንብርብር በቅደም ተከተል ማንበብን ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ፣ ኮንቲ ሮሲኒ ያነሣው ሌላ ክርክር የትውልድ ሚዛንን ጉድለት ከተቃራኒው አቅጣጫ ያሳያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተጻፈ የሚነገረውን የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ካፑቺናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ድርሰቱን የጻፈው ራሱ ሚስዮናዊው ነው የሚል ክስ አቀረበ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ክሱን ለማፍረስ ብዙ ዓመት ደከሙ፤ ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን ደግሞ በዚህ ክፍለ ዘመን ክሱን በአዲስ ማስረጃ አድሳዋለች። ብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከዚህ ክርክር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሳሹ የቅኝ አስተዳደር ሹም ነበር። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ክሱ ለምን በዚያ ዘመን በዚያ ቃና እንደ ቀረበ ያስረዳል። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ያንን ግእዝ መጻፍ ይችል ነበር ወይስ አይችልም፣ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያሉት ሁለቱ ቅጂዎች በምን ይለያያሉ፣ በድርሰቱ ውስጥ ያለው የዘመን ስሌት ይገጥማል ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች ግን አይመልስም። ሐተታው የኢትዮጵያዊ ሥራ ሆኖ እንዲገኝ መመኘት አንድ ነገር ነው፣ ምኞቱን ማስረጃ ማድረግ ሌላ ነው፤ አፍሪካዊ አእምሮ ፍልስፍና አይወልድም የሚለው ትምክህትና የፈረንጅ ክስ ሁሉ ሐሰት ነው የሚለው ቅያሜ ብራናውን ሳያገላብጡ በመፍረድ አንድ ናቸው።

ይሁን እንጂ የጉዳዩ ልብ ያለው በፈረንጆች ዘንድ አይደለም። የትውልድ ሚዛን ዛሬ በብርቱ የሚሠራው በአገር ውስጥ ምንጮች ላይ ነው፤ ከእነርሱም መካከል እንደ አባ ባሕርይ ድርሳን ብዙ የተነቀፈ የለም። የጋሞው መነኩሴ በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ የጻፈው በሃያ አጫጭር ምዕራፎች የተከፈለ ሥራ፣ ርእሱ ሕዝቡ በማይቀበለው ስም የተጠራ፣ ቃናውም ገና ከመግቢያው ጠላትነት የተሞላ ነው። ጸሐፊው የተወረረ አገር ሰው ነው፤ የቆመበትንም ስፍራ አልደበቀም። በዚህ ምክንያት ድርሳኑ አንዳንዴ እንደ ጥላቻ ሰነድ ብቻ ይጠቀሳል፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ጥላቻውን እንደ እውቀት አድርገው የሚደጋግሙት አልጠፉም።

ድርሳኑን ቀርቦ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው። ባሕርይ የገዳን ሥርዓት ተረድቷል። ሉባ የሚባሉት የገዳ መደቦች በየስምንት ዓመቱ እንደሚለዋወጡ ያውቃል፤ መልባን፣ ሙደናን፣ ኪሎሌን፣ ቢፎሌን፣ ሚችሌን፣ ሐርሙፋን፣ ሮባሌን፣ ቢርመጂንና ሙልአታን በተራ በተራ እየጠራ እያንዳንዳቸው የት እንደ ዘመቱ፣ ከማን ጋር እንደ ተዋጉ፣ ምን አዲስ ነገር እንደ ጀመሩ ይጽፋል፤ ለምሳሌ ፈረስና በቅሎ መጋለብ የተጀመረው በሚችሌ ዘመን መሆኑን ሳይዘነጋ መዝግቧል። ዛሬ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ ታሪክ ከ1522 ጀምሮ በየስምንት ዓመቱ ተከፍሎ የሚቀመጠው በአብዛኛው በዚህ ባላጋራ መነኩሴ የስም ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ነው። ዩኔስኮ በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት በጽሑፍ ከተመሰከረባቸው ጥንታዊ ሰነዶች ዋነኛው የጠላት ብዕር ውጤት መሆኑ ለትውልድ ሚዛን የማይመች ሐቅ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚደንቀው አሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው። ባሕርይ እዚያ ላይ ብዙ የራሱ ዘመን ሊቃውንት ያልደፈሩትን ጥያቄ አነሣ፤ እኛ ብዙዎች ሆነን መሣሪያም ይዘን ሳለን ለምን ተሸነፍን? የሊቃውንቱ መልስ ዝግጁ ነበር፤ እግዚአብሔር በኀጢአታችን ቀጣን የሚል ነው። ባሕርይ ይህን ሳይክድ ወደ ማኅበረሰቡ አወቃቀር ዞረና የክርስቲያኑን መንግሥት ሕዝብ በአሥር ክፍል መደበ፤ መነኮሳቱ፣ ደብተሮቹ፣ ዳኞቹ፣ የመኳንንት ሚስቶችን የሚያጅቡት፣ ባለርስት ሽማግሌዎቹ፣ ገበሬዎቹ፣ ነጋዴዎቹ፣ የእጅ ባለሙያዎቹ፣ አዝማሪዎቹና ከበሮ መቺዎቹ ዘጠኙ ከጦርነት የራቁ ሲሆኑ፣ የሚዋጋው አሥረኛው ክፍል ብቻ ነው፤ በኦሮሞ ዘንድ ግን ትንሽ ትልቅ ሳይባል ሁሉም የጦር ሰው ነው። የራሱን ማኅበረሰብ ከተመራማሪ ርቀት የተመለከተው፣ የራሱ መነኮሳትም ከማይዋጉት ተርታ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዙት፣ ባላጋራውን ለመረዳት ከሞከረ በኋላ ነው። ጥላቻው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ አልጋረደውም፤ ሽንፈት ያስገደደው ጥያቄ ከወገኑ ሚዛን አንድ እርምጃ አስወጣው።

የኦሮሞን ታሪክ ከባለቤቱ ሕዝብ አንጻር ለመጻፍ ቀዳሚ ከሆኑት ባለሙያዎች አንዱ የሆኑት መሐመድ ሐሰን በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ባሕርይን ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ አድልዎውን እየነቀሱ ምስክርነቱን ተጠቀሙበት። ቦረናን በቅርብ ያጠኑት አስመሮም ለገሰም በ1973 በወጣው የገዳ ጥናታቸው ከሽማግሌዎች ቃል የተገኘውን የዘመን ቆጠራ ከጽሑፍ ምንጮች ጋር አገናዝበዋል። ሁለቱም ሊቃውንት የባሕርይ ወገን አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ሰነዱን አልጣሉትም።

በሌላው ግንባር የቆመውን የዐረብ ፈቂህን ፉቱሕ አል-ሐበሻን የሚመለከተው ፍርድም ከዚህ አይለይም። የኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ የተረከው ይህ ዐረብኛ ድርሰት ክርስቲያኖችን በየገጹ ይረግማል፤ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉም ደስታውን አይሸሽግም። ነገር ግን ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩትና ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1531 ከመጥፋቱ በፊት ወርቁ፣ ግድግዳውና ጌጡ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ የዘመቻው ሰዎችም ገብተው ሲያዩት እንዴት እንደ ተደነቁ የሚነግረን እርሱ ነው። የሽንብራ ኩሬን ጦርነት፣ የክርስቲያን መኳንንቱን ስምና የቦታዎቹን ስም በዚያ ስፋት የመዘገበ የክርስቲያን ጸሐፊ የለም። በኢማሙ ሠራዊት ውስጥ የተነሣውን አለመግባባትና ማፈግፈግም አልደበቀም፤ ጸሐፊ ለወገኑ የማይጠቅመውን ነገር ሲጽፍ ቃሉ ክብደት ይጨምራል፤ ይህም በፍርድ ቤት ምስክርነት ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ድርሰቱን የእስላም ወገን ነው ብሎ የሚዘጋ ክርስቲያን ያጣውን ቤተ ክርስቲያን መልክ ዳግመኛ ያጣል።

የመንግሥቱ ማእከል የጻፋቸው ታላላቅ ትረካዎችም ከዚህ ምርመራ አያመልጡም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይስሐቅ በተባለ የአክሱም ንቡረ እድ መሪነት የተሰናዳው ክብረ ነገሥት ዓለምን ለሮም ንጉሥና ለኢትዮጵያ ንጉሥ ያካፍላል፤ ብልጫውንም ለኋለኛው ይሰጣል። ዜና መዋዕሎቹ የከፋን፣ የወላይታን፣ የሐዲያን ወይም የቤተ እስራኤልን ሕዝብ የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ንጉሡ በዘመተባቸው ዕለት ነው፤ ዘመቻው ሲያልቅ ሕዝቡም ከገጹ ይወጣል። ጊቦን ኢትዮጵያን ያደረጋትም እንዲሁ ነበር። በአውሮፓዊው ፍርድ የሚቆጣ፣ በዜና መዋዕሉ ዝምታ ግን የማይከፋ አንባቢ የራሷ እያረረባት የሰው የምታማስለውን ሴት ይመስላል። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕሉን ለመንቀስ የሚያስፈልገው ዜና መዋዕሉን ማንበብ ነው፤ ታደሰ ታምራት በ1972 የታተመውን ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉትን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ገድላቱንና ዜና መዋዕሎቹን ከአል-ዑመሪና ከአል-መቅሪዚ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው የአንዱን ዝምታ በሌላው ንግግር ሞሉት።

የትውልድ ሚዛን ጠበቆች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ በቸልታ ሊታለፍም አይገባውም። ብራናና ብዕር የነበረው ገዥው ነው፣ የተገዛው ድምፅ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ሁሉንም ምንጭ በእኩል መመርመር ይገባል ማለት የጻፈውን መልሶ መጥቀም ነው ይላሉ። ከባሕርይ ፊት ለፊት የቆመ የሙልአታ ሉባ ሰው የጻፈው ድርሳን አለመኖሩ እውነት ነው፤ ጉድለቱም ከባድ ነው። ይህ ግን የሚያዘው ፍለጋውን ማስፋት ነው፤ ጃን ቫንሲና በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ካሳየ ወዲህ የቃል ትውፊት የራሱ የምርመራ ሥርዓት እንዳለው ይታወቃል፤ የቋንቋ ንጽጽር፣ የቦታ ስም፣ የቁፋሮ ውጤትም አሉ። ያለውን ምስክር ማባረር የሌለውን ምስክር አያስገኝም። የቃል ትውፊትንም ስለ ተበዳይ ይናገራል በሚል ከምርመራ ነጻ ማድረግ ሽማግሌውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው፤ እርሱም ጎሳውን ያስቀድማል፣ ያሸነፈውን ይረሳል፣ ለአድማጩ ያስተካክላል፤ ሰው ስለሆነ።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 በወጣው ስለ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ በጻፈው ድርሰቱ ከታሪክ ጸሐፊ የሚፈለገውን ሲዘረዝር አለማዳላትን ከማስተዋልና ከቋንቋ ጥራት ጋር በአእምሮ ሥራ ውስጥ አስቀመጠው፤ ከማን እንደሚወለድ አንዳች አላለም። በአገራችን ቋንቋ ስለ ታሪክ አጻጻፍ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ይህ የበለጠ ትክክል ነው። አለማዳላት የሚወረስ ወይም የሚነፈግ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ታሪክ መማር ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ የትምህርት መጻሕፍት አዘጋጆችና የታሪክ መምህራን ማድረግ የሚገባቸው ነገር የተወሳሰበ አይደለም። ጌታቸው ኃይሌ በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ የአባ ባሕርይን ድርሰቶች ከሌሎች ኦሮሞን ከሚመለከቱ ሰነዶች ጋር ወደ አማርኛ መልሰዋቸዋል፤ ፉቱሕ አል-ሐበሻም በተማሪ እጅ ሊገባ የሚችል ሥራ ነው፤ የገዳ ሽማግሌዎች ቃልም በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ ተማሪውም ስለ አንድ ዓመት፣ ስለ አንድ ቦታ፣ ስለ አንድ ጦርነት እያንዳንዳቸው የሚሉትን አስተያይቶ የሚገጥመውንና የማይገጥመውን በራሱ እጅ ይጻፍ። የጸሐፊዎቹ ትውልድ በፈተናው ላይ ይጠየቅ፤ ማርኩ ግን ለትውልዱ ሳይሆን ለንጽጽሩ ይሰጥ።